ቤታችን በማን ሚዛን ይመዘን?

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ክፍል ሲነሳ የምትጠብቁት ይታወቃል፤ ገቢ፣ ወጪ፣ የቁጠባ ቀሪ፣ ያልተመለሰ ብድር። እሱ ለብቻው ተባዝቶ በእጃችሁ ገብቷል። አሁን የምንናገረው በአጀንዳው ተራ ቁጥር 4 ላይ ስላለው ጉዳይ ነው፤ "የዓመቱ ውብ ቤት ውድድር ይደረግ ወይስ ይቅር?" ስለሚለው። ጉዳዩ ለጨዋታ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን ለሽልማቱ የታሰበው ገንዘብና ለቤት ማሻሻያ የምናበድረው ገንዘብ የሚወጡት ከአንድ ሣጥን ነው። አንዷን ስንሸልም የሌላዋን የብድር ተራ እናዘገያለን። እኛ የመዝገብ ሰዎች ስለ ውበት ለመናገር የተነሳነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡን ያመጡት ወጣት አባሎቻችን ናቸው። የውጭ አገር ቴሌቪዥን የሚያሳየውን የቤት ውድድር በስልካቸው ሲያዩ ቆይተው "እኛስ ለምን አናደርገውም?" ብለው በስብሰባ ላይ አነሱ። ግማሾቻችን አጨበጨብን፤ ግማሾቻችን ዝም አልን። ከስብሰባው በኋላ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀውን "ልጆቼ፣ ዳኛ የምትሉት ሰው እኔ ቤት ሲገባ ምን ላይ ላስቀምጠው?" አሉን። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ዛሬ የምንወስነው ውሳኔ ለእሳቸውም መልስ መስጠት አለበት።

በመጀመሪያ ውድድሩ በመጣበት አገር እንዴት እንደሚካሄድ እንመልከት። በአየርላንድ አርቲኢ የተባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን "የዓመቱ ቤት" የሚለውን ዝግጅት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሦስት ዳኞች አሉት፤ የሕንፃና የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያዎች ናቸው። ባለቤቶቹ በሌሉበት ወደ ቤቱ ይገባሉ፤ ሳሎኑን፣ ማድ ቤቱን፣ መኝታ ቤቱን ይዞራሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ሙሉው ነጥብ 30 ነው። በየዝግጅቱ ብልጫ ያገኘው ቤት ለመጨረሻው ዙር ያልፋል። የስኮትላንዱ ቢቢሲም እ.ኤ.አ. በ2019 ተመሳሳይ ውድድር ጀመረ። በእንግሊዝ ደግሞ የአርክቴክቶቹ ማኅበር በየዓመቱ ለአንድ ቤት ሽልማት ይሰጣል፤ ቻናል 4 የተባለው ጣቢያም ከ2015 ጀምሮ የታጩትን ቤቶች ለተመልካች አሳይቷል።

በእነዚህ ውድድሮች ውስጥ የወደድናቸው ነገሮች አሉ፤ ሳንደብቅ እንናገር። አንደኛ፣ ቤት ሥራ መሆኑን ይቀበላሉ። ቤት ያሰናዳ ሰው እንደ ዘፋኝና እንደ ሯጭ በአደባባይ ይመሰገናል። በእኛ አገር ቤት ማሰናዳት እንደ ሥራ የማይቆጠር፣ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ የሚታይ ነገር ነው። የተለቀለቀውን ወለል ማንም አያመሰግንም፤ ያልተለቀለቀውን ግን ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። ሁለተኛ፣ ዳኞቹ በውጭ ግንቡ አይበቃቸውም፤ ጓዳ ይገባሉ። ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ ብዙ ብር የፈሰሰበት ቤት አይደለም የሚያሸንፈው። የእንግሊዞቹን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2019 ያገኘው በሰሜን አየርላንድ ገጠር የተሠራ ሃውስ ሌሳንስ የተባለ ቤት ነው። 335,000 ፓውንድ ፈጅቷል። ለእኛ ገንዘቡ ሰማይ ነው። በእነሱ አገር ግን ለሽልማት ከሚቀርቡት ቤቶች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ የሚባል ነበር። ቅርጹንም የወሰደው ከአካባቢው የገበሬ ግቢና ጎተራ ነው። ይኸ ይበል የሚያሰኝ ነው።

አሁን ደግሞ በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን እንየው። በእነዚህ ዝግጅቶች ላይ የምናየው የሒሳቡን ግራ ገጽ ብቻ ነው፤ ያለውን ንብረት። ቀኙ ገጽ አይታይም። ለቤቱ ስንት ተበደሩ? በወር ስንት ይከፍላሉ? ያንን ነጭ ምንጣፍ ማን ያጥበዋል? ሰነዱ በማን ስም ነው? ዳኛው 10 ሲሰጥ እነዚህን አይጠይቅም፤ እንዲጠይቅም አይጠበቅበትም፤ የመጣው ለመዝናኛ ዝግጅት ነው። እኛ ግን የቁጠባና የብድር ማኅበር ነን። አንዲት አባል ሶፋና ብፌ በዱቤ ገዝታ ውድድሩን ብታሸንፍ፣ ስድስት ወር ሳይሞላ የብድር ክፍያዋ ቢቋረጥ፣ የሸለምነው ውበትን ነው ወይስ ዕዳን?

ቤት መዳኘት ደግሞ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ካሜራ አልነበረውም እንጂ ከአየርላንዱ ውድድር በፊት እኛ ጀምረነዋል። መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን በ1995 ዓ.ም. ሲጀምር በ16 ፓኬጆች ከፍሎ ነው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የሠለጠኑ ሴቶች ተመደቡ፤ በመላ አገሪቱ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ፤ ትምህርቱን ጨርሶ በተግባር ያሳየ ቤተሰብ "ሞዴል ቤተሰብ" ተብሎ ይመረቃል። መጸዳጃ ቤት አለ ወይ? እጅ መታጠቢያ አለ ወይ? ከብቱ ከሰው ተለይቷል ወይ? አጎበሩ ተሰቅሏል ወይ? ዕቃው መደርደሪያ ላይ ነው ወይ? ከእናንተ መካከል ያንን የምስክር ወረቀት በግድግዳ ላይ የለጠፋችሁ ብዙ ናችሁ።

ይኸ አሠራር ያስተማረን ትልቅ ነገር አለ፤ የጭቃ ቤትም በክብር ሊዳኝ እንደሚችል። ጣሪያው ሣር ይሁን ቆርቆሮ አልጠየቀም፤ የጠየቀው በውስጡ ሰው እንዴት እንደሚኖር ነው። ጎዶሎውንም እናውቀዋለን። ጎብኚ ሲመጣ የሚጠረግ ግቢ፣ ጎብኚው ሲሄድ የሚረሳ እጅ መታጠቢያ በየሰፈሩ አለ። ውበቱም በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ባለሙያ እጅ ያስጌጠችው ግድግዳና እንዲሁ የተመረገው ግድግዳ እኩል ምልክት ያገኛሉ። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ውድድር ውበቱን አይቶ ጭሱን ሲዘነጋ፣ የእኛው ዝርዝር ጭሱን አይቶ ውበቱን ዘነጋ። የእኛ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ነው።

"ድሀ ምን ውበት ያሻዋል?" የሚል ሰው ካለ፣ የአገራችንን ቤቶች ይዙር። የሐረር ቤት ውስጥ ሲገባ ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳውን የሸፈነው ሴቶቹ በእጃቸው የሠሩት የስፌት ሥራ ነው። የሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ ከግንቡና ከመስጊዶቹ ጋር የቤቶቹ አሠራርም ተቆጥሯል። በጉራጌ መስቀል ሲደርስ እናቶችና ልጃገረዶች ቤቱን ይለቀልቃሉ፣ ያስጌጣሉ። በዶርዜ ቤቱ እንደ ቅርጫት በቀርከሃ ይጠለፋል፤ ሲሠራ ቁመቱ ረጅም ነው። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ጊዜው ሲደርስ ሰው ተባብሮ ተሸክሞት ቦታ ይለውጣል። የሒሳብ ትምህርት ላይ "የእርጅና ቅናሽ" የምንለውን የዶርዜ ሰዎች በቤታቸው ላይ በዓይን ያዩታል።

ጭቃ ደግሞ በዓለም አደባባይ ተሸልሟል። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር የተወለደው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ሠራ። ጡቡ ከአፈር ነው፤ ወለሉን የመቱት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ እንደ ቀድሞው ልማድ ተሰልፈው እየዘፈኑ። ያ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ኬሬ ራሱ በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን ትልቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ዳኞቹ "ጭቃ ነው" ብለው አላለፉትም። ጣሪያው ከግድግዳው ከፍ ብሎ ነፋስ እንዲያልፍበት መደረጉን፣ ሙቀቱ መቀነሱን፣ ሕዝቡ በራሱ እጅ መሥራቱን አዩ።

እህቶቻችን፣ ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ማጂ ደጋ ነው፤ ጉምና ብርድ ነው። ቴፒ ቆላ ነው፤ ሙቀትና ወባ አለ። ሚዛን በመካከል ነው፤ ዝናቡ ግን አይተኛም። ማጂ ላይ ጥሩ የሚባለው፣ በሩ ጠባብ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቤት ቴፒ ላይ ሰው ያፍናል። ቴፒ ላይ የሚመሰገነው ነፋስ የሚያስገባ ቤት ማጂ ላይ ሕፃን ያስታምማል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ፎቶግራፍ አስመስሎ መዳኘት አይቻልም። በሁሉም ቦታ የሚሠራው ጥያቄ ግን አለ፦ ይኸ ቤት የቆመበትን አየር አውቆታል ወይ? ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዝናቡን ይመልሳል ወይ? መሠረቱ ድንጋይ ነው ወይስ ጭቃው ከሥር እየረጠበ ምስጥ ያስገባል? አሸንዳ ካለው፣ የጣሪያው ውኃ በርሜል ይገባል ወይስ የጎረቤትን ግድግዳ ያፈርሳል?

የገቢያችንንም ነገር እናስብ። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ነው ገንዘብ የሚሰጠን። እሸቱም ጀንፈሉም የሚሸጠው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ብሩ እጃችን ላይ ሲሞቅ ቆርቆሮ የሚያስገዛ ልብ ይመጣል፤ ሶፋ የሚያስገዛም ይመጣል። ከዚያ ክረምት ገብቶ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ለጤፍ ብድር የምንጠይቅ እኛው ነን። የማኅበራችን መዝገብ ይኸን በየዓመቱ ያሳየናል፤ ብድር የሚጠየቅበት ወርና የቤት ዕቃ የሚገዛበት ወር ጀርባና ፊት ናቸው። ውድድሩ የሚደረግበት ወር ራሱ እንኳ ሰው ብሩን ምን ላይ እንደሚያውል ይወስናል።

አሁን ሁለት ሒሳብ በጋራ እንሥራ። የመጀመሪያው የወለል ነው። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ስፋቷ 12 ካሬ ሜትር ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሚንቶ ቢፈስባት ወደ 2 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ትፈልጋለች። ጠጠሩንና አሸዋውን በደቦ ማምጣት እንችላለን፤ የሚገዛው ሲሚንቶው ነው። የአንድ ሶፋ ዋጋ ስንት ክፍል ወለል እንደሚሠራ እያንዳንዳችሁ በገበያችሁ ዋጋ አስሉት።

ጥቅሙ ምንድን ነው? በሜክሲኮ ኮዋይላ በተባለ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 "ጽኑ ወለል" የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። የአፈር ወለል ላላቸው ድሀ ቤተሰቦች እስከ 50 ካሬ ሜትር የሚሆን ሲሚንቶ ተሰጠ። ተመራማሪዎች በኋላ ወለሉን ያገኙትን ካላገኙት ጎረቤት ከተሞች ጋር አነጻጽረው በ2009 ውጤቱን አሳተሙ። የአፈር ወለል ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ሲተካ በትንንሽ ልጆች ላይ የአንጀት ትል 78 በመቶ፣ ተቅማጥ 49 በመቶ፣ የደም ማነስ 81 በመቶ ቀነሰ። እናቶቹም በኑሯቸው የበለጠ ደስተኞች ሆኑ፤ የጭንቀት ስሜታቸው ቀነሰ። በአንድ ወለል! እኛ ይኸንን ስናነብ የታየን ልጅ ታቅፈው ጤና ጣቢያ የሚያድሩት አባሎቻችን ናቸው።

ሁለተኛው ሒሳብ የጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ጭሱ የሚበዛው ምድጃ ሥር በሚውሉት ላይ ነው፤ በእናትና በጀርባዋ ባዘለችው ልጅ ላይ። ምርጥ የሚባለው በአሸዋና በሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እንግዲህ ለምሳሌ በሁለት ቀን አንድ ሸክም እንጨት የምታነድ ቤት በዓመት ወደ 180 ሸክም ትፈልጋለች። በግማሽ ብትቆጥብ 90 ሸክም ቀረ ማለት ነው። አንድ ሸክም ለመልቀም ግማሽ ቀን ቢፈጅ፣ 45 ቀን ተረፈ። ይኸ 45 ቀን በማንም መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ የደመወዝ ወረቀት የለውምና። እኛ ግን ገቢ ብለን እንጽፈዋለን። የደኑም ዛፍ በዚያው ይተርፋል፤ የደን ቡናችን ደግሞ ጥላ ከሌለው ቡና አይሆንም።

ስለዚህ በእኛ ሚዛን ውብ ቤት ማለት ምን ይሆን? የጠቆረ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ውድ መጋረጃ አይደለም። ያለ መጋረጃ የሚኖር ጨለማ ቤትም አይደለም። ውብ ቤት ማለት ገብቶ ዓይን የማያቃጥል፣ ልጅ በወለሉ ቢድህበት እናት የማትሰጋበት፣ ጀንፈሉ ከአልጋ የተለየበት፣ በላዩ ላይ የባለቤቷ እጅ የሚታይበት ቤት ነው።

አሁን ወደሚያስፈሩን ነገሮች እንምጣ፤ በስብሰባ ላይ ዝም ያሰኘን እነሱ ናቸውና።

አንደኛው ሐፍረት ነው። ቤት ገመና ነው። በእኛ ባህል እንግዳ በር ላይ ሲቆም እናት መጀመሪያ የምትሰበስበው የተዘረጋውን ገመናዋን ነው። የአየርላንዱ ዝግጅት ዳኞች ባለቤቶቹ በሌሉበት ይገባሉ፤ ለእነሱ እንዲያ ነው የሚመቻቸው። እኛ ጋር ባለቤቷ በሌለችበት ቤት መግባት ነውር ነው። ደግሞም ባለቤቷ ካልነገረችን ያ ግድግዳ ስንት ጊዜ እንደተለሰነ፣ መደርደሪያው ከምን እንጨት እንደተሠራ በምን እናውቃለን? ዳኝነቱ ባለቤቷ ባለችበት፣ እሷ በምታስረዳው መሆን አለበት።

ሁለተኛው ተከራዮች ናቸው። በሚዛንና በቴፒ ከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ክፍል ነው። ተከራይ ቤቱን ባሳመረች ቁጥር አከራይዋ "አሁንማ ቤቱ ጥሩ ሆኗል" ብሎ ኪራይ ሊጨምርባት ይችላል። ለእሷ ግድግዳ ማሠራት ለሰው ንብረት መልፋት ነው። ስለዚህ የእሷ ቤት መዳኘት ያለበት ስትለቅ ይዛው በምትሄደው ነገር ነው፤ በምድጃዋ፣ በአጎበሯ፣ በመደርደሪያዋ፣ በውኃ ማጠራቀሚያዋ።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ሕጉ አለ፤ ወረቀቱ ግን በሁላችንም ሣጥን ውስጥ የለም። አንዲት እህት ከማኅበሩ ተበድራ ቤት አሳምራ፣ ጠዋት "ውጪ" ስትባል የሚከላከልላት ወረቀት ከሌላት፣ ያሳመረችው ለሌላ ነው። ለዚህ ነጥብ መስጠት አንፈልግም፤ ነጥብ ብንሰጥበት የተበደለችውን እንደገና እንቀጣለን። ነገር ግን ዳኞቹ በሄዱበት ሁሉ ይጠይቁ፤ ወረቀት የሌላትን ማኅበሩ ቀበሌ ድረስ አብሯት ይሂድ።

አራተኛው ፎቶግራፍ ነው። ይኸን ወዳጆቻችን የሆናችሁ ለጋሾች እንድትሰሙን እንፈልጋለን። ለምታደርጉልን ሁሉ እናመሰግናለን፤ ገንዘባችሁ ምን ላይ እንደዋለ ማየት መብታችሁ ነው። ደረሰኙ፣ መዝገቡ፣ የኦዲት ሪፖርቱ ክፍት ነው። "በፊት" እና "በኋላ" የሚል ፎቶግራፍ ግን የሚያምረው "በፊት" የተባለው ሲከፋ ነው። ያ የከፋው ፎቶግራፍ የአንዲት እናት ቤት ነው፤ ልጆቿ አድገው ያዩታል። ከእንግዲህ ባለቤቷ ያልፈቀደችው የቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ከማኅበራችን እንዳይወጣ እንጠይቃለን። የፈቀደችም ምስሉን አስቀድማ ትየው።

እነዚህን ሁሉ አስበን የሒሳብ ክፍሉ የሚያቀርበው ሐሳብ ውድድሩ ይደረግ የሚል ነው፤ በሚከተለው ሥርዓት።

አንድ፣ ማንኛዋም ቤት ከጎረቤቷ ቤት ጋር አትወዳደር። ካለፈው ዓመት ከራሷ ጋር ትወዳደር። በጥር ወር ዳኞች አይተው ይመዘግባሉ፤ በሚቀጥለው ጥር ተመልሰው ያያሉ። የሚሸለመው ለውጡ ነው። ይኸ ከሆነ የሣር ክዳን ያላት እናትና ቪላ ያላት እህት እኩል መነሻ አላቸው።

ሁለት፣ ነጥቡ ከ100 ይሁን። ለጭስና ለምድጃ 20፣ ለውኃና ለመጸዳጃ 20፣ ለወለልና ለግድግዳ 15፣ ለመኝታ ይኸውም ለአጎበር፣ ከብትና ቡና ከሰው ለመለየት 15፣ ያለ ከባድ ዕዳ ለመሠራቱ 15፣ ለእጅ ውበት 15። ውበቱ ለምን 15 ብቻ ሆነ የምትሉ ትኖራላችሁ። ለምንስ 15 ሆነ የምትሉም አላችሁ። በዚህ ላይ ጉባኤው ይከራከርበት፤ ዜሮ እንዳይሆን ግን እንለምናለን። ሰው ለዓይኑም ይኖራል።

ሦስት፣ ተከራዮች በራሳቸው ምድብ ይወዳደሩ።

አራት፣ ዳኞች ሦስት ይሁኑ። አንዷ በዕድሜ የገፉ የማኅበሩ እናት፣ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፈቃደኛ ከሆነች፣ አንዱ ወይም አንዷ ግንበኛ ወይም አናጺ። የማጂን ቤት የማጂን ብርድ የሚያውቅ፣ የቴፒን ቤት የቴፒን ሙቀት የሚያውቅ ይዳኝ። ዳኛ የሚቀመጠው ባለቤቷ ባስቀመጠችው ላይ ነው፤ ዱካም ይሁን መደብ። ቡና ቢፈላም ዳኝነቱ አይለወጥም።

አምስት፣ ሽልማቱ በጥሬ ገንዘብ አይሁን፤ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ አሸንዳ፣ ምድጃ ይሁን። ወጪውም ከብድሩ ዋና ገንዘብ ሳይነካ፣ ማኅበሩ በዓመቱ ካገኘው ወለድ ከአንድ አሥረኛው አይበልጥ። በዚህ ልክ ከሆነ የማንም የብድር ተራ አይዘገይም፤ ቁጥሩን አስልተን ከሪፖርቱ ጋር አያይዘናል።

ስድስት፣ ወደ ውድድሩ ያልገባች አባል ምክንያቷን አትጠየቅ። መብቷ ነው።

እህቶቻችን፣ ክልላችን ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተመሠረተ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ልማት የሚነገረው መንገድ፣ መብራት፣ ሕንፃ ነው። ሁሉም ያስፈልገናል፤ በተለይ መንገዱ። ነገር ግን አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ስድስት ዓመት የሚያድገው ቤት ውስጥ ነው። የዚያ ቤት ወለልና አየር በእኛ እጅ ነው። ማንም በጀት እስኪመድብልን ሳንጠብቅ በደቦና በቁጠባ ልንለውጠው እንችላለን።

በየምድባችሁ ሆናችሁ ስድስቱን ነጥቦች አንድ በአንድ ተነጋገሩባቸው። የማትስማሙበትን ሠርዙ፤ የጎደለውን ጨምሩ። ከቡና ሰዓት በኋላ እጅ አውጥተን እንወስናለን፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል።